የናርዶስ ከበሮና የሰፈሩ ፍየሎች

ስለ ፍየል አያያዝ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥልጠና ሲሰጥ የኖረ ባለሙያ፣ በፍየል ሌብነት ተጠርጥሮ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ካላያችሁም ብዙ አልቀረባችሁም፤ ያው እንደማንኛውም ሌባ ላብ ላብ ይለዋል። ላቡ የእኔ ስለነበር ነው የማውቀው።

እንግዲህ እኔ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ። ከደሴ ወደ ጅጅጋ በዝውውር በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በፍየል ወተት ላደጉ ሰዎች ፍየል እንዴት እንደምትረባ በፕሮጀክተር ማስተማር ጀመርኩ። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ማለት ይሄ ነው። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ሲያበቃ ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ፍየሎቻቸው ሄዱ። ፍየሎቹ ስለ ሥልጠናው የሰሙ አይመስለኝም።

ነገሩ የጀመረው ግን በፍየል ሳይሆን በልጄ ነው። ናርዶስ ስድስት ዓመቷ ነው። ደሴ እያለን ምላሷ የማያርፍ፣ ታክሲ ውስጥ የማታውቀውን ሰው «ጋሼ፣ ፀጉርዎ የት ሄደ?» ብላ የምታሳፍረን ልጅ ነበረች። ጅጅጋ ስንገባ ከቤት ውጪ አፏን ዘጋች። ቤት ውስጥ ያው ናት፤ ከደጃፋችን ወጣ ስትል ግን አንዲት ቃል የለም። ሱቅ አትናገርም፣ ትምህርት ቤት አትናገርም፣ ሰላም ሲሏት ጫማዋን ታያለች። በአራተኛው ወር መምህርቷ አስጠራችኝ።

«የናርዶስ አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ልጅቷ ትሰማለች?»

«በደንብ ትሰማለች።»

«መናገርስ?»

«ትናንት ማታ ስለ ጉንዳን ኑሮ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድታኛለች።»

«እኛ ጋ አንድም ቀን ቃል ወጥቷት አያውቅም። ጠረጴዛ ግን ትደበድባለች። ቀኑን ሙሉ።»

ቀልዱን ልተወውና፣ ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጅቷን ከአያቶቿና ከጓደኞቿ ነቅዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ዕድገት ነው ብዬ፣ የተሻለ ቦታ ነው ብዬ። እሷን የጠየቃት አልነበረም። አሁን ዝም ስትል ዝምታው እኔን የሚከስ ይመስለኝ ጀመር።

እንደ እኔ ያለ የተማረ ሰው ሲጨንቀው ስልኩን ይከፍታል። አንድ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ «የማይናገር ልጅ ካለዎት ከበሮ ያስተምሩት፤ እጁ ሲፈታ ምላሱም ይፈታል» አለ። ጋውኑን የዶክተር ይሁን የሥጋ ቤት አላጣራሁም።

ባለቤቴ ሰናይት ነርስ ናት። ቪዲዮውን አሳየኋት።

«ልጅቷ የሚያስፈልጋት ሰው ነው እንጂ ከበሮ አይደለም» አለች።

«ሰውየው ባለሙያ ነው!»

«አንተም ባለሙያ ነህ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ይህን እስካሁን እንደ ምስጋና ለመውሰድ እየሞከርኩ ነው።

ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሃምሳ አለቃ ተክሉ ይኖራሉ። ለረጅም ዘመን በሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ታምቡር መቺ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ አገሩን ለምደውት እዚሁ ቀሩ። ናርዶስን እጇን ይዤ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው አይዋት።

«ስምሽ ማነው?»

ናርዶስ ጫማዋን አየች።

«ጥሩ ነው። ታምቡር መቺ አፍ አያስፈልገውም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

«እኔ አባቷ ነኝ። ለማድረስ ነው የመጣሁት።»

«ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አሳዳጊ አልቀበልም። ቤት ስትገባ ማን ያስጠናታል? ተቀመጥ!»

«እኔ እንኳ ለሙዚቃ...»

«ተቀመጥ ብያለሁ!»

ተቀመጥኩ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ቢያንስ ከበሮ ለያዘ ሰው የተተረተ ነው፤ እኔ የያዝኩት ሁለት እንጨትና የተገለበጠ ባልዲ ነበር። ትምህርቱ በሳምንት በሳምንት ያድጋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ምትና ዕረፍት ነው። ሁለተኛው አራት ምትና ዕረፍት። ሦስተኛው ሁለት ሁለት። ከዚያ በኋላ እጅ እስኪጠፋ ድረስ ሳያቋርጡ ማንከባለል። ናርዶስ ሦስቱን ምት በአምስት ደቂቃ ያዘችው። እኔ ዕረፍቱ ላይ እመታለሁ፣ ምቱ ላይ አርፋለሁ።

«ልጅቷ ገብቷታል» አሉ ሃምሳ አለቃ ስንወጣ። «አንተ ትደግማለህ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ተሳፈርን። ናርዶስ ትምህርቷን እንዳትረሳ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ብረት በጣቷ ትመታለች፤ ኳ ኳ ኳ፣ ዕረፍት። ሹፌሩ ቆመ። ማንም አልወረደም። ተነሣ። ኳ ኳ ኳ። ቆመ። በእኛ ከተማ ባጃጅ ውስጥ ብረት ያንኳኳ ሰው ወራጅ ነው። አምስት ጊዜ ከቆመ በኋላ አብረውን የተሳፈሩ ሴትዮ ጫታቸውን አቅፈው ወረዱና በእግር ቀደሙን። እዚህ አገር ምት ማለት ለሆነ ፍጡር የሚላክ መልእክት መሆኑን ያን ጊዜ መረዳት ነበረብኝ። አልተረዳሁም፤ ሹፌሩ ነው ያልገባው ብዬ ተናደድኩ።

ለልምምድ እውነተኛ ታምቡር አይፈቀድም። «ጣሳ ፈልግላት። ድምፁ የጠራ ይሁን» ብለውኛል ሃምሳ አለቃ። እኛ የምንኖረው ተከራይተን ነው፤ አከራያችን ሀቦ ሳህራ ናቸው። ሀቦ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ከእሳቸው ጋር የናርዶስ እኩያ የሆነች ኢፍራህ የምትባል የልጅ ልጃቸው ትኖራለች። ታዲያ ጣሳ ፍለጋ ግቢውን ስዞር፣ ከፍየል በረቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ባዶ የዘይት ጣሳ አየሁ። አንኳኳሁት፤ ድምፁ እንደ ደወል ነው። አሸተትኩት፤ ፉርሽካ ፉርሽካ ይላል። ባለቤት ያለው ዕቃ መቼም እንዲህ ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ አይቀመጥም ብዬ፣ ግራ ቀኝ አየሁና በጣቴ ቆሜ አወረድኩት። ባለቤት የለውም ካልኩ ለምን ግራ ቀኝ እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሀቦ ሳህራ ግቢው መሃል ቆመው ጮኹ።

«ጣሳዬን ማነው የወሰደ? ወላሂ የወሰደ እጁ ይድረቅ!»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ወዲያው ወጥቼ «ሀቦ፣ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እርግማኑ ከወጣ በኋላ መናዘዝ ከበደኝ።

«ዋርያ፣ ጣሳዬን አይተሃል?» አሉኝ ሲያዩኝ፤ ዋርያ በሶማሊኛ «አንተ ሰው» እንደማለት ነው።

«ኧረ እኔ አላየሁም፣ ሀቦ! የት ነበር ያስቀመጡት?»

ይባስ ብዬ አብሬያቸው መፈለግ ጀመርኩ። የውሃ በርሜሉን አንስቼ ሥሩን አየሁ። እንጨት ክምሩን አፈረስኩ። ናርዶስና ኢፍራህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በአራት ዓይን ይከታተሉኛል። ሀቦ ሳህራ መርቀውኝ ገቡ፤ ምርቃቱ ከእርግማኑ ይልቅ አቃጠለኝ። ሰናይት ጣሳውን አልጋ ሥር ስታየው «አሁኑኑ መልስ» አለችኝ። «ነገ» አልኳት።

አሁን እናንተ ሳትጠረጥሩት ያልቀራችሁትን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ባለሙያው ብቻ የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። የጅጅጋ ፍየል እረኛ የላትም። ጠዋት ከግቢ ትወጣለች፤ ካርቶን ስትበላ፣ አስፋልት መሃል ተኝታ መኪና ስታስቆም ትውላለች። ሲመሽ ባለቤቷ ጣሳ ይመታል። ጣሳው ያው የዘይት ጣሳ ስለሆነ ድምፁ ከቤት ቤት አይለይም፤ የሚለየው ምቱ ነው። የሀቦ ሳህራ ሦስት ነው። ጎረቤታችን የሀጂ ሙሳ አራት ነው። ከወዲያ ያሉት ሁለት ሁለት ይመታሉ። ፍየሏ የቤቷን ምት ለይታ ትመጣለች፣ ፉርሽካዋን በልታ ታድራለች። እኔ አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ያን ሁሉ ኳኳታ ስሰማ ሰፈሩ ውስጥ ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው ያለ ነበር የሚመስለኝ።

ልምምዱን እንግዲህ ሀቦ ሳህራ ሱቅ በሚውሉበት ሰዓት አደረግነው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ «መስክ ወጥቻለሁ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ እመጣለሁ። ናርዶስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላ ሦስት ምትና ዕረፍት ትመታለች። በመጀመሪያው ቀን አራት ፍየሎች ገቡና ፊቷ ቆመው አፍጥጠው አይዋት። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ገና ጣሳውን ስታነሣ መጡ።

ግኝት ነው! ፍየል ሙዚቃ ትወዳለች! በዓለም ላይ ይህን ያየ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ «የታምቡር ምት በፍየሎች ባህርይ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ናርዶስ አራት ምት ስትጀምር የሀጂ ሙሳ ፍየሎች ተጨመሩ። «ትምህርቱ ሲያድግ አድማጩ ይጨምራል» ብዬ መዘገብኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሁለት ስትል ከወዲያ ማዶ ያሉት ጎረፉ። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ጥናት ላደርገው አሰብኩ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ፍየሎቹ ትንሽ ያዳምጡና ፊታቸውን ጥለው፣ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። እሱንም «ስሜታቸው በጥልቅ ይነካል» ብዬ ጻፍኩት።

የተነካው ግን ስሜታቸው ሳይሆን እምነታቸው ነበር። ተጠርተው እየመጡ ፉርሽካ ያጡ ፍየሎች ጣሳ የሚባል ነገር ማመን አቆሙ። ማታ ሀቦ ሳህራ አዲስ ጣሳ ገዝተው ሲመቱ፣ ፍየሎቻቸው ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቀና ብለው ያይዋቸውና ካርቶናቸውን ማኘክ ይቀጥላሉ። ሀጂ ሙሳ ከዘራቸውን ይዘው ሽርጣቸውን ሰብስበው ፍየል ሲያባርሩ በመስኮት አያለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሩጫ ሆነ። እኔም እንደ ባለሙያነቴ በአጥር ላይ «ምናልባት የማዕድን እጥረት ይሆናል፣ ጨው ስጧቸው» ስል መከርኩ። ጨው ሰጧቸው። ፍየሎቹ ጨዉን ልሰው ሄዱ።

አንድ ማታ አዴይ ሳትመጣ ቀረች። አዴይ የሀቦ ሳህራ ነጭ ፍየል ናት፤ ለኢፍራህ ወተቷን የምትሰጥ እሷ ናት። ጅጅጋ ውስጥ ሲመሽ ደግሞ ጅብ እንደ ማንኛችንም ነዋሪ ነው፣ ወጥቶ ይዞራል። ኢፍራህ እያለቀሰች አደረች። ናርዶስ ከጎኗ አልተለየችም፤ እንደ ልማዳቸው ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተቃቅፈው ተቀመጡ። ዝም ብለው ነው የተቀመጡት ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ሀጂ ሙሳ ሰዎች አስተባብረው ሰፈር ለሰፈር አዴይን ፍለጋ ወጡ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር በሉኝ፣ ያው ቀን ናርዶስ ማንከባለል የምትጀምርበት ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረች። ሦስቱም አራቱም ሁለት ሁለቱም በአንድ ላይ ሲንከባለል ያልተጠራ ቤት አልነበረም። የሰፈሩ ፍየል በጠቅላላ ለመጨረሻ ጊዜ እስቲ እንያቸው ብሎ መጣ። ግቢው ሞላ፣ ደጃፉ ሞላ፣ አንዷ ሙክት የሚያክል ሆዷን ይዛ ደረጃው ላይ ወጣች። እንዳይበታተኑብኝና በትክክል እንድቆጥራቸው ብዬ የግቢውን በር በመቀርቀሪያ ዘጋሁት።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሀጂ ሙሳ፣ ከኋላቸው አሥር የሚሆኑ ሰዎች፣ ከእነሱ ኋላ ሀቦ ሳህራ። ሁሉም እኔን አዩ፤ በሠላሳ ፍየል መሃል ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ።

«በሩን ለምን ዘጋኸው?» አሉ ሀጂ ሙሳ በእርጋታ።

«እንዳይወጡ» አልኩ።

ምንጣፍ ግቢው ውስጥ ተነጠፈ፤ የሻይ ፔርሙዝ መጣ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ሰናይት ከሥራ ስትገባ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ፍየሎቹን አይታ ናርዶስ አጠገብ ቆመች። ሀጂ ሙሳ በጉብዝናቸው ዘመን አስተማሪ ስለነበሩ አማርኛ አሳምረው ያነባሉ። ደብተሬን ተቀበሉኝና መነጽራቸውን አደረጉ።

«‹ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቀይ፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ። በፈቃዷ ገባች።›» ቀና አሉ። «በፈቃዷ?»

«በፈቃዷ ነው ሀጂ፤ ማንም አላስገደዳትም።»

«‹ማክሰኞ። ነጭ፣ ጡተ ትልቅ። ያለ ማመንታት መጣች፤ እጅግ ተስፋ የሚጣልባት ናት።›»

«አዴይ!» ብለው ሀቦ ሳህራ ደረታቸውን መቱ። «አዴይን ጽፏታል!»

ሀጂ ሙሳ ገጹን እየገለጡ መጨረሻው ላይ ደረሱ። «‹የወደፊት ዕቅድ። አንደኛ፣ ቁጥራቸውን ማሳደግ። ሁለተኛ፣ ከሌሎች ሰፈሮች መሳብ። ሦስተኛ፣ ለበላይ አካል ማሳወቅ።›» ደብተሩን ከደኑት። «የበላይ አካል ደግሞ አለ?»

አስረዳሁ። ስለ ነርቭ፣ ስለ ድምፅ ሞገድ፣ ስለ ፍየል ጆሮ አቀማመጥ ተናገርኩ። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ሆነ። የሚሰሙኝ ሰዎች ፊት እየጠቆረ ሲሄድ፣ ከበር በኩል ወታደራዊ እርምጃ ተሰማ። ሃምሳ አለቃ ተክሉ አዴይን በገመድ ይዘው ገቡ።

«ቤት ለቤት እየጠየቅኩ ነው፤ ይህች የማን ናት?» አሉ። «ትናንት ማታ ባልዲውን ስመታ መጥታ አልወጣም አለች። ዛሬም ጠዋት ትምህርት ላይ ተገኘች። ሳትመዘገብ!» ከዚያ እኔን አዩኝ። «ከዚህ ሰውዬ ግን ትሻላለች። ቢያንስ ስታመነዥክ ምቱን ትጠብቃለች።»

ኢፍራህ ሮጣ የፍየሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሀቦ ሳህራ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እኔም እንደ እምነቴ አመሰገንኩ። ሌባ አለመሆኔ ታወቀ ብዬ ጫማዬን መፈለግ ስጀምር ሀጂ ሙሳ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ፍየል አልሰረቅክም፣ እሺ። ግን ፍየሎቻችንን ውሸት ያስተማረ ማነው? ፍየል ተጠርታ መጥታ ባዶ እጅ ካየች፣ ተዋሽታለች። አንዴ የተዋሸች ፍየል ለባለቤቷም አትመለስም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን ትምህርት እዚያ ምንጣፍ ላይ አገኘሁት። በዚህ መሃል ሀቦ ሳህራ ከደጃፋችን ጣሳውን አንሥተው ያገላብጡት ነበር። አንድ ጎኑ ላይ ያለ ስርጉድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ጣሳ የኔ ነው! ወላሂ የኔ ነው!» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ስፈልግ አብሮኝ ይፈልግ ነበር እኮ! እኔ ደግሞ መርቄዋለሁ!»

ምንጣፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፍየሎቹ እንኳ ማኘክ አቆሙ።

«ጣሳውን ማነው የወሰደው?» አሉ ሀጂ ሙሳ።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። «እኔ» ማለት። እዚህ አገር ሰው ጥፋቱን ካመነ ሽማግሌ ይፈርድበታል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ያልቃል። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ባለሙያነቴ፣ ፕሮጀክተሬ፣ ሀቦ የመረቁኝ ምርቃት ሁሉ ፊቴ ተደረደረና አፌ እንዲህ አለ፤

«እንግዲህ... ልጆች ናቸው። ሲጫወቱ አንሥተውት ይሆናል።»

ሰናይት ያየችኝን አስተያየት አልገልጽላችሁም። ናርዶስ ቀና ብላ አየችኝ። ልጆች አልኩ እንጂ ስሟን አልጠራሁም፤ ግን ጣሳውን ይዛ የዋለችው ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። እንደማትናገርም እኔ አውቃለሁ። የዘራሁትን ዝምታ ለመደበቂያ ተጠቀምኩበት ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያች ቅጽበት ራሴን ንቄው አላውቅም።

ሀጂ ሙሳ፣ ሁልጊዜ ከኢፍራህ ጋር ስለሚያይዋት ነው መሰለኝ፣ ወደ ናርዶስ ዘንበል ብለው በሶማሊኛ በቀስታ የሆነ ነገር ጠየቋት።

«አይጠይቋት፣ ሀጂ» አልኩ። «እሷ ሰው ፊት አትናገርም። ያስጨንቃታል።» ግማሹ ለእሷ አዝኜ ነው፣ ግማሹ ለራሴ።

ናርዶስ ከእናቷ ጎን ወጣች። ጫማዋን አላየችም። ሀጂ ሙሳን ፊት ለፊት እያየች አፏን ከፈተች፣ ተናገረች።

በሶማሊኛ ተናገረች። አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል አይደለም፤ ወሬ ነው የወረደው። በጣቷ ግድግዳውን አሳየች፣ ሚስማሩን አሳየች፣ በጣቷ ቆማ ግራ ቀኝ አየች፣ አንድ ነገር አወረደች፣ ሆዷ ሥር ደበቀች። ከዚያ የውሃ በርሜል አነሣች፣ ሥሩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ እንደ እኔ «ኧረ!» አለች። ኢፍራህ ከጎኗ ሆና የጎደለውን ቃል ትሞላላታለች። እነዚህ ሁለቱ ከበርሜሉ ጀርባ አራት ወር ሙሉ ዝም ብለው አልነበረም የተቀመጡት። ምንጣፉ ላይ ያለው ሰው አንድ በአንድ መሳቅ ጀመረ፤ ሀጂ ሙሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ሃምሳ አለቃ ተክሉ ሶማሊኛ ስለሚችሉ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔ ከዚያ ሁሉ ነገር የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አባዬ»።

«ምን አለች?» አልኩ።

ሀጂ ሙሳ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «‹ጣሳውን የሰረቀው አባዬ ነው። እኔ አይደለሁም። ኢፍራህም አይደለችም። ሰርቆ ደግሞ ከሀቦ ጋር ይፈልግ ነበር› አለች።»

«ይህን... ይህን ሁሉ እሷ ናት ያለችው?»

«እሷ ናት። ጥሩ ምስክር ናት፤ አንድ ነገር አልዘለለችም። እንግዲህ ፍርዱን ስማ። እነዚህ ፍየሎች ጣሳ ማመን እስኪጀምሩ ድረስ፣ ማታ ማታ ልጅቷ የየቤቱን ምት ትመታለች፣ አንተ ፉርሽካ ተሸክመህ ለመጣችው ሁሉ ታድላለህ። ማንም ፍየል ባዶ አፉን አይመለስም። ሀቦ ሳህራን ይቅርታ ትጠይቃለህ። ሰምተሃል?»

አልሰማሁም። ሰናይት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። እኔ ተነሥቼ ሀቦ ሳህራ እግር ላይ ወደቅሁ፤ «ተነሥ ዋርያ፣ ተነሥ» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ከዚያ ሄጄ የፈረዱብኝን ሽማግሌ ግንባር ሳምኩ። ሰው ሲፈረድበት እንዲህ ደስ ሲለው አይተው ስለማያውቁ ግራ ገባቸው።

«ምን ሆንክ? ፍርዱ አልከበደህም?»

«ሀጂ» አልኩ፣ «በደንብ አልሰማኋትም። እባክዎ እንደገና ይጠይቁልኝ።»

ሀጂ ሙሳ ጠየቋት። ናርዶስ ወገቧን ይዛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማዶ ያለ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ አባቷ ሌባ መሆኑን ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች። መጀመሪያ የረሳችውንም አሁን ጨመረችው፤ እናቷ «መልስ» ስትለው «ነገ» ማለቱን።